ማይኩ እየጮኸ ላስቸገራችሁ፦ በቤት ስቱዲዮ ለመዝፈን የቱን ዕቃ መግዛት ይሻላል?

ቅዳሜ ማታ ነው። አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል አንዲት ጓደኛዬን እየቀዳሁ ነበር። ትዝታ ነው የምትዘፍነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምጿን ከፍ ስታደርግ ከስፒከሩ አንድ ቀጭን ፉጨት ተነሳ። ወዲያው ፉጨቱ ጩኸት ሆነ። እሷ ጆሮዋን ይዛ ቁጭ አለች። እኔ ማጥፊያውን ስፈልግ ጠረጴዛውን አመሰቃቀልኩት። በሩ ተንኳኳ። አከራዬ ነጠላቸውን በቅጡ ሳይደርቡ ቆመዋል። «ልጄ፣ ምን ሆናችሁ? ደህና ናችሁ?»

ደህና ነበርን። የጮኸው ማይኩ ነው።

በማግስቱ ሌላ ማይክ ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ የስቱዲዮ ነው፤ ጥርት አድርጎ ይቀዳል» አለኝ። ኮንደንሰር የሚባለው፣ ስስ ድምፅ ሳይቀር የሚሰማው የማይክ ዓይነት ነበር። ከፍዬ ወጣሁ። ማታ ሰካሁት፣ ስፒከሩን ከፈትኩ፣ ከበፊቱ ብሶ ጮኸ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ ማይኩ በእርግጥ ጥሩ ነበር። የማይክ ያልሆነውን ችግር በማይክ ልፈታ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ለዚህ ነው ይህን ንጽጽር ከማይክ የማልጀምረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማይኩ ድምፃችሁን ይቀበላል። ማይኩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ሳውንድ ካርድ ወይም ሚክሰሩ ያጎላዋል። ስፒከሩ ያወጣዋል። ክፍሉ ጠባብ ነውና ያው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል። እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይወጣል። ዞሮ የገባው ከመጀመሪያው ያላነሰ ከሆነ ክቡ ራሱን በራሱ መመገብ ይጀምራል። ከሁሉም ድግግሞሾች (ከቀጭኑም ከወፍራሙም የድምፅ ደረጃዎች) ቀድሞ ያመለጠው አንዱ ነው ፉጨት ሆኖ የሚሰማን። እኛ ፊድባክ እንለዋለን። ፈረንሳዮች በዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ በሶረን ላርሰን ስም ይጠሩታል። ስሙ ምንም ይሁን ምን ክቡ የሆነ ቦታ ላይ መበጠስ አለበት። ለገዢ ጥያቄው የቱ ጋ ቢበጠስ ይረክሳል የሚለው ነው።

ስለ ዋጋ አስቀድሜ ልናገር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዛሬ በብር የጻፍኩት ዋጋ ለሚቀጥለው ወር አይሆንም። ስለዚህ የራሴን መለኪያ እጠቀማለሁ፦ «አንድ ኤስኤም58»። የሹር ኤስኤም58 ማይክ አሜሪካ ውስጥ ወደ 100 ዶላር ገደማ ነው የሚሸጠው። ሌላውን ሁሉ በእሱ እለካለሁ። እናንተ የዕለቱን የኤስኤም58 ዋጋ ከጠየቃችሁ የቀረውን በግምት ታገኙታላችሁ።

ስፒከር ወይስ ሄድፎን?

እዚህ ላይ አላመነታም። ስትቀዱ ስፒከር አያስፈልግም። ስፒከሩን አጥፉ፣ ሄድፎን አድርጉ፣ ክቡ ተበጠሰ። አዲስ ማይክ የገዛሁበት ገንዘብ ጥሩ ሄድፎን ይገዛልኝ ነበር።

ብዙ ሰው ግን «ሄድፎን አድርጌ መዝፈን አልችልም፤ ድምፄ ይጠፋብኛል» ይላል። እውነቱን ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የሄድፎኑ ዓይነት ነው። ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን አለ፣ ግማሽ ክፍት አለ፣ ሙሉ በሙሉ ዝግ አለ። ክፍቱ ለማዳመጥ ደስ ይላል፤ ድምፁ ሰፊ ነው። ሲዘፈንበት ግን ሙዚቃው በጀርባው እየሾለከ ማይኩ ውስጥ ይገባል። ለዘፋኝ የሚገዛው ዝጉ ነው።

ከዝጎቹ መካከል ሶኒ ኤምዲአር-7506 እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያለ ዕቃ ነው። ዋጋው ወደ አንድ ኤስኤም58 ይጠጋል። ቀላል ነው፣ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ላይኛውን ድምፅ ጎላ ስለሚያደርግ የ«ስ» እና የ«ሽ» ፉጨታችሁን ወዲያው ያሳብቃል። ጉድለቱ ከጊዜ በኋላ የጆሮው ትራስ ላዩ መላላጡ ነው። ገመዱም አይነቀልም።

ሴንሃይዘር ኤችዲ 280 ፕሮ በዋጋ እኩያው ነው። አምራቹ እስከ 32 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ድረስ የውጭ ድምፅ ያፍናል ይላል። በእርግጥም ጆሮን ጥርቅም አድርጎ ነው የሚይዘው። ድምፁ ለሚጎላ ዘፋኝ ከሶኒው ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። ይጨመድዳል ግን። ጓደኛዬ ሹሩባ ተሠርታ የመጣች ቀን ከሁለት ዘፈን በላይ አልታገሰችውም።

የኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲኤች-ኤም20ኤክስ የግማሽ ኤስኤም58 ያህል ነው። ኤቲኤች-ኤም40ኤክስ እጥፉ ነው። በድምፅ ልዩነታቸው ይሰማል፤ ለእኔ የወሰነው ግን ገመዱ ነው። የኤም40ኤክስ ገመድ ይነቀላል፣ መለዋወጫም አብሮት ይመጣል። የኤም20ኤክስ አይነቀልም። ሄድፎን መጀመሪያ የሚሞተው በገመዱ በኩል ነው፤ በተለይ እንደ እኔ ወንበር ገመድ ላይ ለሚያንከባልል ሰው። ገንዘቡ ካለ ኤም40ኤክስ፣ ከሌለ ያለ ሐፍረት ኤም20ኤክስ።

ሁለት ወጥመዶች ልጠቁማችሁ። ኤኬጂ ኬ240 በየስቱዲዮው ፎቶ ላይ ስለሚታይ ብዙ ሰው ለዘፋኝ ይገዛዋል። ግማሽ ክፍት ነው፤ ያሾልካል። ሌላው የቤየርዳይናሚክ ነው። ዲቲ 770 ዝግ ነው፣ ዲቲ 990 ክፍት ነው፣ መልካቸው ደግሞ እንደ ወንድማማች ነው። ቁጥሩን አጥርታችሁ አንብቡ።

ምንም ገንዘብ ከሌለስ? የስልካችሁ ባለገመድ ኢርፎን ለመጀመሪያ ይበቃል። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ብዙም አያሾልክም። ብሉቱዝ ግን አይሆንም። ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ዘግይቶ ይደርሳል። ራሳችሁን ከኋላ እየተከተላችሁ ስትዘፍኑ ምቱ ይጠፋችኋል።

አንዱን ጆሮ ገልጦ መዝፈን የለመደ ሰው አለ። መዝሙር የሚቀዱ ልጆች በተለይ ይህን ይወዳሉ። ክፋት የለውም፤ ግን የተገለጠው ጆሮ በአየር ላይ ወደ ማይኩ እያየ ከተንጠለጠለ እሱም ትንሽ ስፒከር ነው። ሄድፎን ራሱ ሲያፏጭ ሰምቻለሁ። የተገለጠውን ወገን ጭንቅላታችሁ ላይ ተጫኑት። ወይም ድምፁን በሙሉ ወደ አንድ ጆሮ አዙራችሁ ሌላውን ዝም አሰኙት።

ሳውንድ ካርድ ስትገዙ ደግሞ «ዳይሬክት ሞኒተር» የሚል ማብሪያ እንዳለው እዩ። እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ያሉት ትንንሾቹም አላቸው። ድምፃችሁ ኮምፒውተሩን ሳይዞር በቀጥታ ሄድፎናችሁ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ አይዘገይም። ይህን ከተጠቀማችሁ ኮምፒውተሩ ላይ በምትቀዱበት ፕሮግራም ውስጥ ያለውን የሞኒተር ቁልፍ አጥፉት። ስፒከሩ ክፍት ሆኖ ያ ቁልፍ ሲበራ ነው ብዙ ቤት የሚጮኸው። የእኔም የዚያ ቅዳሜ ጉድ እሱ ነበር።

ኮንደንሰር ወይስ ዳይናሚክ?

ሱቅ ውስጥ የሚነገረው እንዲህ ነው፦ ኮንደንሰር ሁሉን ይሰማል፣ ስለዚህ ይጮሃል፤ ዳይናሚክ፣ ማለትም የተለመደው የመድረክ ማይክ፣ ደንደን ያለ ነው፣ ስለዚህ አይጮህም። ግማሹ ልክ ነው። ኦዲዮ-ቴክኒካ ኤቲ2020 የሚባለው ኮንደንሰር ለአንድ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣው ምልክት ከኤስኤም58 ሰባት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህ ብቻውን ግን ጩኸት አያመጣም። ጌይኑን (የማይኩን ማጉያ ቁልፍ) ዝቅ ስታደርጉት ልዩነቱ ይጠፋል። ዋናው ቁም ነገር ማይኩ ጋ ሲደርስ የእናንተ ድምፅ ከስፒከሩ ድምፅ በምን ያህል ይበልጣል የሚለው ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ከርቀቱ። ኮንደንሰሩን ሃያ ሴንቲሜትር ርቀን ነው የምንዘፍንበት። ዳይናሚኩን አፋችን ላይ እንለጥፈዋለን። ርቀቱ በግማሽ ባጠረ ቁጥር ድምፃችሁ ማይኩ ላይ በ6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ከ20 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 5 ሴንቲሜትር ስትቀርቡ 12 ዴሲቤል አተረፋችሁ ማለት ነው። ስፒከሩ ባለበት ነው፤ የእሱ ድርሻ አልጨመረም። ይህን ትርፍ በነፃ የሚሰጥ ሌላ ዕቃ አላውቅም።

ስትቀርቡ ታችኛው ድምፅ ይወፍራል። በአንድ አቅጣጫ የሚሰሙ ማይኮች ሁሉ ጠባይ ነው። ሚክሰሩ ወይም ፕሮግራሙ ላይ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡት፤ ሄርዝ የድግግሞሽ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም ነው።

እንግዲህ በዕቃ እናወዳድር። ኤስኤም58 እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ ዳይናሚክ ነው። ከ50 ሄርዝ እስከ 15 ሺህ ሄርዝ ይሰማል። ቢወድቅም አይሞትም። ያለ ፋንተም ኃይል፣ ማለትም ሳውንድ ካርዱ በማይክ ገመዱ በኩል ከሚልከው ኤሌክትሪክ ውጭ፣ ይሠራል። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ ለስለስ ያለ፣ ትንፋሽ የበዛበት አዘፋፈን ላይ ላይኛው ድምፅ ትንሽ ይታፈናል። ሴንሃይዘር ኢ835 በዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ላይኛው በኩል ጠራ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሞክሬያቸዋለሁ። ለወንድ ወፍራም ድምፅ ኢ835ን፣ ለሾለ የሴት ድምፅ ኤስኤም58ን እመርጣለሁ። የጆሮ ጉዳይ ነው፤ የእናንተ ጆሮ ሌላ ሊፈርድ ይችላል።

ቤሪንገር ኤክስኤም8500 የኤስኤም58 ሩብ ያህል ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። በዓይን የሚታየው አሠራሩ ከዋጋው ይበልጣል። ኤስኤም58 ላይ የምትከፍሉት ተጨማሪ ገንዘብ ለጥንካሬውና በእጅ ሲያዝ ለማይንኳኳው አካሉ ነው። ማይኩ ሁልጊዜ ማቆሚያ ላይ ከሆነ ደግሞ ያ ብዙም አያሳስብም።

ኤቲ2020 ከኤስኤም58 ጋር ተቀራራቢ ዋጋ አለው። 48 ቮልት ፋንተም ይፈልጋል። እስከ 20 ሺህ ሄርዝ ይሰማል። ድምፅን ከነትንፋሹ ያመጣዋል፤ የማሲንቆን ጭራ ሲነካ ያለውን ልስላሴ ጭምር። ዝም ያለ ክፍል ላለው ሰው እና በሄድፎን ለሚቀዳ ሰው ውብ ነው። የእኔ ክፍል ግን ዝም ያለ አይደለም። ከአጥሩ ማዶ የሚኒባስ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ!» ይላል። ጎረቤት ቡና ይወቀጣል። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ኮንደንሰሩ ይህን ሁሉ በታማኝነት ይመዘግባል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ካልሆነ አላወጣውም።

በየፖድካስቱ የምታዩት ወፍራሙ ሹር ኤስኤም7ቢ? አራት ኤስኤም58 ያህል ያስከፍላል። 60 ዴሲቤል ገደማ ንፁህ ጉልበት ይጠይቃል፤ ርካሽ ሳውንድ ካርድ እዚያ ሲደርስ መንሾካሾክ ይጀምራል። ፊድባክን በተመለከተ ደግሞ ተአምር የለውም። በዚያ ገንዘብ ማይክም ሄድፎንም ሳውንድ ካርድም ይገዛል።

በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን ቢኤም-800 ማይክ ከቪ8 ሳውንድ ካርድ ጋር ሳላነሳ አላልፍም። ቲክቶክ ላይ ቀጥታ የሚገቡ ልጆች ብዙ ጊዜ እሱን ነው የሚይዙት። ለወሬ ይሆናል። ለዘፈን ሲሆን ቪ8 ላይ ያለው የኤኮ ቁልፍ ጠላታችሁ ነው። እኛ አገር ኤኮ ሳይገባበት ዘፈን ዘፈን አይመስለንም፤ አውቃለሁ፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ኤኮ ማለት ግን አንዴ የተባለውን ድምፅ ደጋግሞ ወደ ስፒከሩ መላክ ነው። ክቡን ትመግቡታላችሁ። መጀመሪያ ደረቁን ቅዱ፤ ኤኮውን በኋላ በፕሮግራም ጨምሩ። ገና ያልገዛችሁ ከሆነ ያን ካርቶን ትታችሁ ኤክስኤም8500 እና ያገለገለ ደህና ሳውንድ ካርድ ፈልጉ።

ስፒከር ግድ ሲሆን፦ ካርዲዮይድ ወይስ ሱፐርካርዲዮይድ?

አንዳንዴ ሄድፎን አይሆንም። ሦስት ሰው ሆናችሁ ትለማመዳላችሁ፤ አንዱ ክራር ይዟል፣ አንዷ ትቀበላለች። ያን ጊዜ የማይኩ አቅጣጫ ዋጋ ያወጣል።

ካርዲዮይድ የሚሰማበት ቅርጽ እንደ ልብ ነው። ፊቱን ይሰማል፣ ጀርባውን አይሰማም። ኤስኤም58፣ ኢ835፣ ኤክስኤም8500 ሁሉም እንዲህ ናቸው። ሱፐርካርዲዮይድ በፊት በኩል ጠበብ ይላል፤ የጎን ድምፅን የበለጠ ይቀንሳል። ግን ቀጥታ ከኋላው ትንሽ ይሰማል። ደንቆሮ ቦታው ከፊቱ ወደ 120 ዲግሪ ገደማ ዞር ብሎ፣ ከኋላ በግራና በቀኝ ነው። ሹር ቤታ 58ኤ እና ሴንሃይዘር ኢ845 ከዚህ ወገን ናቸው። ቤታ 58ኤ ወደ ሁለት ኤስኤም58 ይጠጋል።

ውዱ ይሻላል ብላችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንድ ስፒከር ብቻ ካላችሁና ከማይኩ ጀርባ ቀጥታ ካስቀመጣችሁት ርካሹ ኤስኤም58 ከውዱ ቤታ ይሻላል። ደንቆሮ ጀርባው በትክክል ስፒከሩን ያያል። ሁለት ስፒከር ጠረጴዛ ላይ በግራና በቀኝ ካላችሁ፣ እናንተም ማይኩን መሃል አቁማችሁ ወደ ጠረጴዛው ዞራችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ ያን ጊዜ ቤታው ዋጋውን ያወጣል። የትኛውን ልግዛ ከማለታችሁ በፊት ጠረጴዛችሁን እዩ።

የክራሩን ማይክም አስቡት። የተከፈቱ ማይኮች ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር ሳይጮህ ልትሄዱበት ከምትችሉት ልክ 3 ዴሲቤል ገደማ ይቀነሳል። ክራሩ ራሱ የሚነዝር ሳጥን ነው፤ የስፒከሩን ድምፅ ተቀብሎ አብሮ ይዘፍናል። ባለ ፒክአፕ (ንዝረቱን ከራሱ ከክራሩ የሚቀበል ዕቃ) ክራር ከሆነ ማይኩን ዝጉና በጃክ ስኩት።

የማይኩን ወንፊት በመዳፍ ጨብጦ መዝፈን አሁን ፋሽን ሆኗል። የአንድ አቅጣጫ ማይክ ጀርባውን የማይሰማው ከወንፊቱ ኋላ ያሉት ቀዳዳዎች ክፍት ስለሆኑ ነው። ስትጨብጡት በሁሉም አቅጣጫ የሚሰማ ማይክ ይሆናል። የሁለት ኤስኤም58 ዋጋ ከፍሎ በመዳፍ ማበላሸት!

የፊድባክ ማጥፊያ ማሽን

አለ። እንደ ዲቢኤክስ ኤኤፍኤስ2 ያለው በአንድ ቻናል እስከ 24 ማጣሪያ ይዘረጋል። ያፏጨውን ድግግሞሽ ፈልጎ በጠባቡ ይቆርጠዋል። ለአዳራሽ፣ ሞንታርቦ ለተደረደረበት ቦታ ጥሩ ዕቃ ነው። ለሦስት በሦስት ክፍል ግን አትግዙት። የሚያተርፍላችሁ ጥቂት ዴሲቤል ነው፤ ያንን ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ማይኩ በመቅረብ ታገኙታላችሁ። ሌላም ጣጣ አለው። እንዲህ ያሉ ማሽኖች ረጅም ተጎትቶ የሚቆይ ድምፅን አንዳንዴ ፊድባክ ነው ብለው ይቆርጡታል። የእኛ ዜማ ደግሞ መጎተት ይወዳል። ዋሽንትማ ለማሽኑ ፉጨት ነው።

ግድግዳው፦ ስፖንጅ፣ ጋቢ፣ ወይስ የእንቁላል ትሪ?

የእንቁላል ትሪውን ቶሎ እንጨርሰው። ላይኛውን ድምፅ ትንሽ ይበታትናል እንጂ አያፍንም፤ በዚያ ላይ እሳት ይወዳል። እርሱት።

ጥቁሩ ባለ ሾጣጣ ስፖንጅ ያምራል። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው ይገባኛል። ሁለት ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ግን የሚያፍነው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። የ100 ሄርዝ ሞገድ 3 ሜትር ከ40 ርዝመት አለው፤ ስስ ስፖንጅ ለእሱ ምኑም አይደለም። መርካቶ ወርዳችሁ የፍራሽ ስፖንጅ በአሥር ሴንቲሜትር ውፍረት ብታስቆርጡ በተመሳሳይ ገንዘብ የተሻለ ነገር ታገኛላችሁ። አያምርም። በነጠላ ጨርቅ ሸፍኑት።

ከማይኩ ጀርባ የሚተከለው ክብ መከለያስ? ብዙ ሰው ይገዛዋል፤ እኔም ገዝቻለሁ። አስቡት፦ ካርዲዮይድ ማይክ ጀርባውን አይሰማም። መከለያው የተቀመጠው እሱ በማይሰማበት በኩል ነው። ማይኩ የሚያየው የእናንተን ትከሻ አልፎ ከኋላችሁ ያለውን ግድግዳ ነው። ድምፁ ተመልሶ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ሁለት ድርብ ጋቢ ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ከጀርባችሁ ዘርጉ፤ ከግድግዳው በአንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። መከለያው አሁን መጽሐፍ ማስደገፊያ ሆኖልኛል።

የቤት ዓይነትም ለውጥ አለው። ኮንዶሚኒየም ብሎኬት ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ ትልቅ መስኮት ነው። እዚያ ቤት ማጨብጨብ ይበቃል፤ ጭብጨባው ተመልሶ ይመልስላችኋል። እኔ ያለሁበት ቤት አሮጌ የጭቃ ቤት ነው፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ኑሮው ብዙ ይጎድለዋል። ለመቅዳት ግን ከጓደኞቼ ኮንዶሚኒየም ሁሉ ይሻላል። የተወጠረው ጨርቅና ከላዩ ያለው ባዶ ቦታ ድምፅ ያፍናሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ ሰዎች የተከፈተ ቁም ሳጥን ከነልብሱ ከኋላችሁ አድርጉ።

ክፍሉ እኩል በእኩል ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሦስት በሦስት ሜትር ክፍል ወደ 57፣ 114 እና 171 ሄርዝ ላይ ራሱ ይነዝራል፤ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ስለሆነ ይደራረባል። ጩኸታችሁ ወፍራም «ሁውው» ከሆነ ይህ ነው። ማይኩን ከጥግ አውጡት፣ መሃል ለመሃልም አታቁሙት።

ጩኸት ያልሆነ ጩኸት

ሁልጊዜ ያለ፣ የማያድግ፣ ዝቅ ያለ «ምምም» ከሆነ ፊድባክ አይደለም። የመብራት ነው። መብራታችን 50 ሄርዝ ስለሆነ ድምፁ እዚያና እጥፉ 100 ላይ ይሰማል። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ጠፋ? በሽታው እሱ ነው። ካልጠፋ ገመዱን እዩ፤ ባለ ሦስት እግሩ የማይክ ገመድ በስልክ ጃክ ከሚገባው ስስ ገመድ በጣም ይሻላል። ለዚህ ሲባል ማይክ አይቀየርም።

መብራት ሲጠፋ፣ ላፕቶፑ ቻርጅ ካለው፣ የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ ዝም ብሏልና ቅዱ። ስፒከሩን ግን ከማከፋፈያው ንቀሉት። መብራት ሲመለስ የተከፈተ ማይክና የተከፈተ ስፒከር አንድ ላይ ሲነሱ እንደገና አከራይ በር ላይ ይቆማል።

ሱቅ ስትገቡ

የሁለት ኤስኤም58 ያህል ብቻ ከያዛችሁ ኤክስኤም8500፣ ኤም20ኤክስ ሄድፎንና በተረፈው ያገለገለ ሳውንድ ካርድ። የሦስት ወይም የአራት ያህል ካላችሁና ሰፈራችሁ ጫጫታ ከሆነ ኤስኤም58 ወይም ኢ835 ከኤም40ኤክስ ጋር። ፀጥ ያለ ክፍል ካላችሁና ብቻችሁን ከቀዳችሁ ኤቲ2020 ከኤችዲ 280 ጋር። ቤታ 58ኤ በስፒከር ለሚለማመዱ ቡድኖች ነው። ከዚያ የተረፈ ገንዘብ ካለ ለጋቢ።

ኤስኤም58 በብዛት የሚኮረጅ ማይክ ነው። አንዱ እኔም ላይ ደርሷል። ትክክለኛው 298 ግራም ይመዝናል፤ አንዳንዱ ኮፒ በእጅ ሲያዝ እንኳ ይቀላል። የወርቅ ቤት ወይም የቅመማ ቅመም ሚዛን ካገኛችሁ አታፍሩ። ፒያሳ ከፈረሰ ወዲህ የማውቃቸው ሱቆች ተበታትነዋል፤ ስለዚህ የሻጭን ፊት አይቼ ማመን ትቻለሁ። የራሴን ሄድፎንና ሳውንድ ካርድ ይዤ እሄዳለሁ።

«ጋሼ፣ ልሞክረው?» እላለሁ። እሰካዋለሁ። መጀመሪያ ፊት ለፊት «አንድ፣ ሁለት» እላለሁ። ከዚያ ማይኩን አዙሬ በጀርባው በኩል በዚያው ድምፅ «አንድ፣ ሁለት» እላለሁ። ካርዲዮይድ ከሆነ ድምፄ ጉልህ ሆኖ መውረድ አለበት። ሱፐር ከሆነ በቀጥታ ከኋላ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ዞር እያልኩ ደንቆሮ ቦታውን እፈልጋለሁ። ባለፈው አንዱ ላይ ፊቱም ጀርባውም አንድ ሆነብኝ። ካርቶኑ ላይ የልብ ቅርጽ ተስሏል። ለሻጩ ሄድፎኑን አድርጌለት ማይኩን አዞርኩለት። ሰማ። ፈገግ አለ። «እሱን ተወው ወንድሜ» አለና ከመደርደሪያው በታች ሌላ ካርቶን አወጣ።